ከጉርድ ኮረብታ ሥር የምትኖረው ቴግዌን

የኮረብታችን ስም ብሪን ባይስ ነው፤ የጉርድ ኮረብታ ማለት ነው። ያውም ከላይ የሚለበሰው ጉርድ ሳይሆን፣ ድሮ ሴቶች ለብርድ ከቀሚስ ሥር ይለብሱት የነበረው ቀይ የሱፍ ጉርድ። በበጋ ተጎታች ቤታቸውን ይዘው የሚመጡት እንግዶች የስሙን ትርጉም ሲሰሙ በሳቅ ይፈርሳሉ። ከዚያ ጫፉ ላይ ወጥተው ፎቶ ይነሣሉ፣ የብስኩት ወረቀታቸውን እዚያው ጥለው ይወርዳሉ። ሠላሳ አራት ዓመት በዚህ ዳርቻ አውቶብስ ስነዳ "ለምን እንዲህ ተባለ?" ያላለኝ እንግዳ የለም። "ረጅም ታሪክ ነው" ብዬ አልፋቸው ነበር። ሊስቅ ለተዘጋጀ ሰው ማውራት አልወድም።

ታሪኩ ግን ረጅም አይደለም። ከባሕር ሆኖ ለሚያይ ሰው ዳርቻችን ላይ ሦስት ኮረብታዎች አሉ፤ ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው። ከውኃው ሥር አለት ተደርድሯል፣ ጀልባ የሚያሳልፈው ክፍተት ደግሞ ከመካከለኛው ኮረብታ ፊት ለፊት ብቻ ነው። አየር ሲበላሽ የትኛው መካከለኛ እንደሆነ እዚሁ ተወልዶ ያደገ ዓሣ አጥማጅ እንኳ አይለየውም። ከብዙ ዘመን በፊት፣ በአንድ የኅዳር ቀን፣ ጀልባዎቹ ሁሉ ባሕር ላይ ሳሉ ሰማዩ ተደፈነ። ሌይኪ የምትባል ሴት እየሮጠች መካከለኛው ኮረብታ ላይ ወጣች፣ ቀይ ጉርዷን አወለቀች፣ መቅዘፊያ ላይ አስራ አውለበለበች። አሥራ አንድ ጀልባ በሰላም ገባ። በሚቀጥለው እሁድ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች "በአደባባይ ልብሷን አውልቃለች" ብለው ሌይኪን ከማኅበር አስወጧት። ካስወጧት ሽማግሌዎች ሦስቱ በዚያ ጉርድ ከሞት የተረፉ ነበሩ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ሽማግሌዎቹ ተረሱ፣ ጉርዱ ግን ልማድ ሆኖ ቀረ። ጫፉ ላይ ረጅም ግንድ ተተከለ። ባሏ ወይም ልጇ ባሕር የወጣባት ሴት ጉርዷን ትሰቅላለች፤ ጀልባው በክፍተቱ ሲገባ ታወርዳለች። የሚያወርደው የሰቀለው እጅ ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው አይነካውም። ባሕር ላይ ሰው የሌላት ሴት ደግሞ አትሰቅልም። ብትሰቅል ባሕሩ ከቤቷ ሰው ይጠራል ይባላል። ጉርዱ ተሰቅሎ እስካለ ድረስ የወጣው ሰው አልሞተም። ጀልባው ሲገለበጥ ያዩ ምስክሮች ቢኖሩ እንኳ አልሞተም፤ ደወል አይደወልም፣ ለቅሶ አይደረስም፣ ስሙ በጸሎት ቤት አይጠራም። የሞተበት ቀን ብለን የምንቆጥረው ሴትዮዋ ተስፋ ቆርጣ ጉርዱን ያወረደችበትን ቀን ነው።

ይህ ነገር አንዳንዴ ያስቅ ነበር። በአያቴ ዘመን አንዲት ሴት ጉርዷን ሰቅላ በወረደች በሰዓቱ ትኩሳት ጣላትና ተኛች። ባሏ በማግስቱ ደህና ተመለሰ፣ ጉርዱ ግን እንደተሰቀለ አራት ቀን ቆየ። በነዚያ አራት ቀናት ማንም ሰላም አላለውም። ባለ ሱቁ "ገና ባሕር ላይ ላለ ሰው ትምባሆ አልሸጥም" ብሎ መለሰው አሉ።

ቴግዌን ፒው ጎረቤቴ ናት፤ በመካከላችን ያለው አንድ ግድግዳ ነው። በእኛ መንደር ሰው በሥራው ይጠራል፤ እኔ ኢድዋል አውቶብስ ነኝ፣ እሷ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ስላበሰለች ቴግዌን ሾርባ ናት። አጭር፣ ምላሷ የሰላ፣ እጇ የማያርፍ ሴት ናት። ሳህን ላይ ካሮት የተወ ልጅ ጭልፋዋን ይዛ ከኋላው ስትቆም ካሮቱን ሳያላምጥ ይውጠው ነበር። ባሏ የድንጋይ ካባ ሠራተኛ ነበር፤ አቧራው ሳንባውን በልቶት በሠላሳ አምስት ዓመቱ ሞተ። አንድ ልጅ ተወላት፤ ኤልቬድ።

ኤልቬድ ባለ ቅርፊቶቹን የባሕር እንስሳት፣ ሎብስተርና ሸርጣን፣ በወጥመድ ይይዝ ነበር። በእሱ ጊዜ የጉርዱ ልማድ ሊሞት ደርሶ ነበር፤ ጀልባው ሁሉ ሞተርና ሬዲዮ አለው። ከመንደሩ ሴቶች እስከመጨረሻው የምትሰቅል ቴግዌን ብቻ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ሲጨቃጨቁ በግድግዳው በኩል እሰማቸው ነበር።

"እማ፣ ሬዲዮ አለኝ እኮ! ጉርድሽን ለአገር ምድሩ ማሳየት ምን አመጣው?"

"ሬዲዮህ ባትሪ ይጨርሳል። የእኔ ጉርድ ባትሪ አይፈልግም።"

"ሳገባስ? የዛሬ ሴቶች እንደሆነ ጉርድ የላቸውም። ሚስቴ ምኗን ልትሰቅል ነው?"

"አንተ መጀመሪያ የምታገባህን አግኝ። ጉርዱን እኔ እሰፋላታለሁ።"

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ በጥቅምት፣ እንዲሁ ሲጨቃጨቁ አድረው ኤልቬድ ጠዋት ወጣ። እሷም ሰቀለች። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ዞረ፣ ሬዲዮው ዝም አለ። ሦስት ቀን ሙሉ የነፍስ አድን ጀልባው ሲመላለስ፣ ሄሊኮፕተሩ ከላያችን ሲያንዣብብ ሰነበተ። ያገኙት ሁለት የወጥመድ ተንሳፋፊ ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን የፍለጋው አለቃ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጥቶ ማቆማቸውን ነገራት። እሷ ሻይ ቀዳችለት፤ ደህና ሁን ብላ ሸኘችው።

የጊዜው ፓስተር የደቡብ ሰው ነበር፤ ልማዱን አያውቅም። እሑድ ማታ መጣና፣ "ወይዘሮ ፒው፣ ለልጅዎ የመታሰቢያ ጸሎት ብናደርግ" አላት። እኔም እዚያው ነበርኩ።

"ፓስተር፣ በመስኮት ይመልከቱ እስቲ" አለችው።

"አየሁ፤ አንድ ቀይ ጨርቅ ነው።"

"እንግዲያው ልጄ ባሕር ላይ ነው። ጸሎትዎን ለሌላ ያቆዩት።"

ደጅ አውጥቼ አስረዳሁት። ራሱን ነቀነቀና "ይህ ሰው ይጎዳል" አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ግን ምን ማድረግ ይቻላል? ወጥቼ ላወርደው? የሌላ ሰው እጅ ቢያወርደው ልጇን የገደልኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። የባሕር ነፋስ የሱፍ ጉርድ ከአምስት ወር በላይ አያኖርም፤ ይቦጫጭቀዋል። ስለዚህ ቴግዌን በዓመት ሁለቴ፣ አንዳንዴ ሦስቴ፣ አዲስ ትሰፋ ነበር። አዲሱን በዚያው ዙር ገመድ ሌላ ጎን ታስረዋለች፣ እሱ ጫፍ ሲደርስ አሮጌው ወደ እጇ ይመጣል፣ ያኔ ነው ቆርጣ የምትጥለው። ግንዱ አንድም ቀን ባዶውን እንዳይሆን ነው። ጉልበቷ ሲደክም ገበሬው ጎሮንዊ በትራክተሩ እስከ በጎቹ አጥር ያደርሳት ጀመር። ከአጥሩ እስከ ጫፉ ያለውን መቶ እርምጃ ግን ብቻዋን ትወጣዋለች። እኔና ጎሮንዊ አጥሩ ጋ ቆመን፣ ትልልቅ እጆቻችንን አንጠልጥለን፣ አንዲት አሮጊት ከነፋስና ከገመድ ጋር ስትታገል እናያለን። አንድ ቀን ጎሮንዊ አላስችል ብሎት ሁለት እርምጃ ተራመደ። "ጎሮንዊ! ልጄን ተወው!" ብላ ጮኸችበት። አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ፤ በሬ የሚያክል ሰው ነው።

ኋላ ዓይኗም ከዳት። ሐኪሙ መካከሉ ነው የጠፋው፣ ዳር ዳሩን ታያለች አለ፤ ቀስ በቀስ ዳር ዳሩም ሄደ። ስፌቱን በጣቷ እየዳሰሰች ቀጠለች። የዛሬ ሦስት ዓመት በታኅሣሥ በረዶ ላይ ወድቃ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። ከሆስፒታል ስትመለስ ከአልጋ እስከ ወንበር የሚያደርሳት ባለ አራት እግር መደገፊያ ብቻ ነበር። "በጸደይ እወጣለሁ" ትል ነበር። አዲስ የሰፋችውን ጉርድ አጥፋ ከአልጋዋ ግርጌ ባለው ሳጥን ውስጥ አስቀመጠች።

ጸደይ ሳይመጣ በየካቲት ማዕበል መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ የጣራ ድንጋይ ሲነቅል፣ የጎሮንዊን በጎች ሲያንከራትት ቆየ። በአራተኛው ቀን ጠዋት የወጥ ቤቴን መጋረጃ ስከፍት ኮረብታው ጫፍ ላይ ምንም የለም። ጉርዱም የለም፣ ግንዱም የለም። ብዙ ጊዜ ቆሜ አየሁት። ከዚያ ካፖርቴን ደርቤ ልነግራት ሄድኩ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ የሄድኩት ልነግራት ነበር።

ገና በሩን ስከፍት፣ "አንተ ኢድዋል፣ ነፋሱ ክፉ ነበር" አለችኝ። ፊቷን ወደ ድምፄ አዙራለች። "ተሰቅሏል?"

"ተሰቅሏል" አልኩ።

በቃ፣ ይኸው ነው። አንዲት ቃል ናት። ከአፌ ከወጣች በኋላ ልመልሳት አልቻልኩም፤ እሷ ትንፋሿን ለቃ ወንበሯ ላይ ተደገፈች። እኔ ግን ከዚያ ወጥቼ ሱቅ ሄጄ፣ ቤቷ ለምትመላለሰው ነርስ ነግሬ፣ ለአዲሷ ፓስተር ነግሬ፣ ለመንደሩ ሁሉ "ከጠየቀቻችሁ ተሰቅሏል በሉ" እያልኩ ስዞር ዋልኩ። ማንም አልተከራከረኝም። ሁሉም እሷን ይወዳታል፤ ሁሉም የትምህርት ቤት ሾርባዋን ጠጥቶ ያደገ ነው።

ለማስተካከል አልሞከርንም እንዳይባል፣ ሞክረናል። ጎሮንዊ ግንድ ቆርጦ አዘጋጀ። ኮረብታውን የሚጠብቀው መሥሪያ ቤት "ጥብቅ መሬት ነው፣ ጉድጓድ ለመቆፈር ማመልከቻ አስገቡ" ብሎ ለአንድ እንጨት ስምንት ወር አመላለሰን። ይሁን፣ ግንዱስ ቢተከል ማን ሊሰቅል ነው? የጎሮንዊን ሚስት ለመንኳት።

"ባሕር ላይ ማን አለኝ ብዬ ነው የምሰቅለው?" አለችኝ። "ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ፣ ኢድዋል። ባላምንበትም አልሰቅልም።"

አልፈረድኩባትም። እኔም ብሆን ባላምንበትም አላደርገውም።

ስለዚህ ውሸቱን የመንከባከብ ሥራ የእኔ ሆነ። ቴግዌን ሞኝ አይደለችም፤ ጉርድ ስንት ወር እንደሚኖር ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በመጀመሪያው በጋ "ምን ያህሉ ቀርቷል?" ስትለኝ "ግማሹ" አልኳት። በመስከረም "ሲሶው" አልኩ። "ቀለሙስ?" "ወይቧል።" ገና ሲደርስ ስንዝር አደረስኩት። እየቆረስኩ የምሰጣት ዳቦ ይመስል እንዳያልቅብኝ እሳሳ ነበር። ጨርሶ አለቀ ካልኳት ኤልቬድ ሞተ፤ አላለቀም ካልኳት ደግሞ አታምነኝም። ሚስቴ ሃይልዌን በሕይወት ብትኖር "አንተ የማትረባ፣ መጀመሪያውኑ እውነቱን አትናገርም ነበር?" ትለኝ ነበር። ሃይልዌን ግን ከሞተች ስድስት ዓመቷ ነው፤ እኔም ብቻዬን ስንዝሯን ወደ አራት ጣት፣ አራት ጣቷን ወደ ሁለት ጣት እያሳነስኩ ሁለት ዓመት ከረምኩ። ሌሎቹም እሷ ቤት እየገቡ ሻይ ይጠጣሉ፣ ሲወጡ ደጅ ላይ ዓይኔን ሳያዩ ያልፋሉ።

ባለፈው ሚያዝያ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ጠራችኝ። ፀጉሯን አበጥራለች፣ የእሑድ ሹራቧን ለብሳለች።

"ኢድዋል፣ ደከመኝ" አለችኝ። "ሰማንያ አራት ዓመቴ ነው። እኔ ከሞትኩ የሚያወርደው አይኖርም፤ ልጄ ለዘላለም ባሕር ላይ ሊቀር ነው። ስሙ በጸሎት ቤት ሲጠራ በጆሮዬ ሰምቼ ልሙት። አውርድልኝ።"

"አንቺ ነሽ እንጂ የምታወርጂው። የሌላ እጅ አይነካውም" አልኳት። ማምለጫ አገኘሁ ብዬ ነበር።

"አውቃለሁ። አስቤበታለሁ።" ከሹራቧ ኪስ አንድ ጓንት አወጣች፤ ገመድ ስትስብ ታደርገው የነበረው የሱፍ ጓንቷ ነው። "ይኸን አጥልቅ። የእኔ እጅ ነው።"

ጓንቷ ጣቶቼ ጫፍ ላይ ቀረ። የልጅ የሚያህል እጅ ነው ያላት። "ግዴለም፣ ጣትህ ላይ ጣል አድርገው" አለችኝ፤ እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

ኮረብታው ላይ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ አላውቅም፤ የሚወርድ ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። ግንዱ የነበረበት ጉድጓድ ዝናብ ሞልቶታል፣ ውስጡ የለስላሳ ጠርሙስ ይንሳፈፋል። ጠርሙሱን አውጥቼ ኪሴ ከተትኩት። ባሕሩ ጸጥ ብሏል። ሳር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ የሰባ ሦስት ዓመት ሰው ነኝ፣ ስናገረው አላፍርም። ብነግራት፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አገሩ ሁሉ ሲዋሻት እንደኖረ ታውቃለች። ባልነግራት፣ የዘረጋችው እጅ ላይ የማስቀምጠው የለኝም።

ፈሪ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። ቤቴ ገብቼ የሃይልዌንን ሳጥን ከፈትኩ፣ ከቀይ የሱፍ የአንገት ልብሷ ላይ ሁለት ጣት የሚያህል ቁራጭ ቀደድኩ። ወደ ባሕሩ ወርጄ ጨው ውኃ ውስጥ ነከርኩት፣ ድንጋይ ላይ ፈተግሁት፣ እስኪበጣጠስ ጎተትኩት። ከዚያ ይዤላት ገባሁ።

"ይኸው" አልኳት።

በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። አሸተተችው። ከዚያ በአውራ ጣቷ ዳር ዳሩን ቀስ እያለች ሄደችበት፣ ገልብጣ ደግሞ ሄደችበት። ፊቷ ላይ የነበረው እፎይታ ቀስ እያለ ጠፋ።

"ይሄ ሹራብ ነው፤ በመርፌ የተሠራ" አለችኝ። "የእኔ ጉርድ የተሸመነ ጨርቅ ነው።"

ጓንቷን ከኪሴ አውጥቼ አጠገቧ አኖርኩት።

"መቼ ነው የሄደው?"

"ካቻምና። በየካቲቱ ማዕበል፤ ግንዱም አብሮ ሄዷል።"

"ማን ማን ያውቃል?"

"ሁሉም።"

ጨርቁን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በመዳፏ አስተካከለችው። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትጮኽብኝ ደስ ይለኝ ነበር።

"እዚህ እየተቀመጣችሁ ሻይ ጠጣችሁ" አለች። "የዘቢብ ዳቦ ቆረስኩላችሁ። ስለ በግ ዋጋ፣ ስለ ዝናብ አወራችሁኝ። ልጄ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት፣ አንድም ሰው ለቅሶ አልደረሰኝም።"

እንዳናሳዝንሽ ብለን ነው ልላት አሰብኩና ተውኩት። ተነሥቼ በጓሮ ወጣሁ። በእኛ ዘንድ ሰው ከሰው ቤት የሚገባው በጓሮ በር ነው። የፊት በር የሚከፈተው ሬሳ ሲወጣና ለቀስተኛ ሲገባ ብቻ ነው፤ የቴግዌን የፊት በር ባሏ ከተቀበረ ወዲህ ተከፍቶ አያውቅም። ቤቱን ዞርኩ፣ ባርኔጣዬን አወለቅሁ፣ የፊት በሩን አንኳኳሁ።

ከዚያ መደገፊያዋ ወለሉን ሲመታ ሰማሁ፤ አንድ እርምጃ፣ ዕረፍት፣ ደግሞ አንድ እርምጃ።

"ማነው?"

"ኢድዋል ነኝ፣ ቴግዌን። ለቅሶ ልደርስ ነው።"

"ቆይ" አለችኝ።

መቀርቀሪያው ዝጓል። በእጇ ስትመታው፣ ስትስበው፣ አቁማ ስትተነፍስ፣ እንደገና ስትጀምር ይሰማኛል። ያ በር ከውስጥ ካልሆነ አይከፈትም። ባርኔጣዬን ደረቴ ላይ ይዤ ቆሜ ጠበቅኳት።